ማኅተሙን አይተን በሩን ከፈትን

አንድ ጓደኛ አለን። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለም በትምህርቱ የተመሰገነ ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበውን ደብዳቤ ቁጥሩንና ቀኑን አይቶ፣ ማኅተሙ በፊርማው ላይ በትክክል ማረፉን አረጋግጦ ካልሆነ በቀር ወደ አለቃው አይመራም። ባለጉዳዮች «ያ ደረቅ ልጅ» ይሉታል። እንዲህ ያለው ጠንቃቃ ሰው በአንድ የሐሰት ደብዳቤ ተታለለ ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ተታለለ። የተታለለውም ዓርብ ከቀትር በኋላ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ኮቱን አንሥቶ ለመውጣት በሚሰናዳበት ጊዜ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓደኛችን ታላቅ እኅት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ትኖራለች፤ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ናት። በአንድ የኢንተርኔት ሱቅ አካውንት ስላላት፣ ወንድሟ የሚፈልጋቸውን መጻሕፍት ራሱ እንዲመርጥ ብላ የይለፍ ቃሏን ሰጥታዋለች። እሱ ይመርጣል፤ እሷ ትከፍላለች፤ ዕቃው እሷ ቤት ይደርሳል፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሲገኝ በሻንጣው ይዞት ይመጣል። ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ ነው። በዚያም ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ለሚገባው ታናሽ ወንድማቸው ላፕቶፕ ታዞ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዓርብ ለጓደኛችን አንድ ኢሜይል ደረሰው። በራስጌው የሱቁ ምልክት አለ፤ ቀለሙም የሱቁ ቀለም ነው። «በአካውንትዎ ላይ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ስለታየ ታግዷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ማንነትዎን ካላረጋገጡ ትእዛዝዎ ይሰረዛል» ይላል። ከሥሩም የሚጫኑት ሊንክ ተቀምጧል። ጓደኛችን የላፕቶፑ ነገር ትዝ አለውና ደነገጠ፤ ተጫነው። የተለመደው የመግቢያ ገጽ ወጣለት። ስምና የይለፍ ቃል አስገባ። ገጹ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ወደ እውነተኛው ሱቅ ወሰደው። ተረጋግጦልኛል ብሎ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ወጣ።

ሌባው ግን ሥራውን የጀመረው ያኔ ነበር። በዚያው ሌሊት ወደ አካውንቱ ገባ፤ የዕቃ መረከቢያውን አድራሻ ለወጠ፤ በእኅቲቱ ክሬዲት ካርድ ሁለት ውድ ስልኮች አዘዘ። ጓደኛችን ቅዳሜ ማታ ኢሜይሉን እንደገና ሲያነበው የላኪው አድራሻ እንግዳ ሆነበት። ነገሩ ገባው። ሆኖም «ምን ብዬ ነው የምነግራት?» እያለ እስከ ማክሰኞ ዝም አለ። በነዚያ ቀኖች ስልኮቹ ተልከው የማይታወቅ ሰው ተረከባቸው።

ወደዚህ ታሪክ ፍጻሜ በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ማኅተም ሳያይ ደብዳቤ የማይመራው ሰው በምን እንደተያዘ እንመልከት፤ እሱን የያዘው ወጥመድ ነገ እኛንም ሊይዘን ይችላልና።

የማኅተም ነገር

በአገራችን ለማኅተም ያለን አክብሮት የቆየ ነው። ማኅተም ያላረፈበት ጽሑፍ ወረቀት እንጂ ደብዳቤ አይባልም። ይህም ምክንያት አለው፤ የመሥሪያ ቤት ማኅተም በጎማ ተቀርጾ፣ በመሳቢያ ተቈልፎ፣ ኀላፊ ተመድቦለት የሚጠበቅ ዕቃ ነው። በኢሜይል ራስጌ የምናየው የሱቅ ምልክት ግን ሥዕል ብቻ ነው። ሥዕሉን ከሱቁ ገጽ ገልብጦ በራሱ ደብዳቤ ላይ መለጠፍ ለሌባው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዐይናችን ለጎማው ማኅተም የሰጠውን እምነት ለሥዕሉም ይሰጠዋል፤ የመታለሉም መጀመሪያ ይህ ነው።

«ምልክቱ ይቅር፤ የላኪው ስም ግን ተጽፎ የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። በርግጥ ተጽፏል። ነገር ግን ማን ጻፈው? ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር በመረብ የሚሄደውን የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው በ1971 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች የኛ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በ1982 ደግሞ ጆን ፖስቴል የኢሜይል መላኪያውን ደንብ ጻፈ። በዚያ ዘመን በመረቡ የሚጠቀሙት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋሞች ነበሩ፤ የሚተማመን ማኅበር ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደንቡ ላኪውን «በርግጥ ነኝ ያልከው ሰው ነህን?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። በፖስታ ጀርባ የላኪን ስም እንደ መጻፍ ነው፤ የፈለገ ሰው የፈለገውን ስም ቢጽፍ ፖስታ ሳጥኑ አይመልሰውም።

ጉድለቱን ለማረም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተደክሟል። በ2012 ትልልቆቹ የኢሜይልና የገንዘብ ኩባንያዎች ተባብረው «ዲማርክ» የተባለውን የማረጋገጫ ሥርዐት ይፋ አደረጉ፤ ይህም አንድ ኢሜይል የተላከው አድራሻው ከተጻፈው ድርጅት መሆኑን ተቀባዩ የኢሜይል ድርጅት እንዲመረምር የሚያስችል ነው። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮም ጉግልና ያሁ በብዛት ኢሜይል የሚልኩ ድርጅቶች ሁሉ ይህን ሥርዐት እንዲያሟሉ ግዴታ አደረጉ። መልካም ሥራ ነው። ሥርዐቱ የሚመሰክረው ግን ደብዳቤው ከዚህ አድራሻ መጣ ብሎ እንጂ የአድራሻው ባለቤት ጨዋ ነው ብሎ አይደለም። ሌባው በገንዘቡ የራሱን አድራሻ ገዝቶ በስሙ ቢልክ ፈተናውን ያልፋል። የሚቀረው እኛ አድራሻውን ማንበብ መቻላችን ነው።

የልጅ ስምና የአባት ስም

አድራሻ ማንበብ ከባድ ትምህርት አይደለም፤ ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንዲያውም ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ቀላል መሆን ይገባው ነበር። ባገራችን የሰው ስም የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎ የአያቱ ስም ነው። የኢንተርኔት አድራሻም እንዲሁ ነው። «አማዞን ነጥብ ኮም» ብንል «ኮም» እንደ አያት ነው፤ «አማዞን» እንደ አባት ነው። የቤቱ ባለቤት አባቱ ነው። አድራሻው «አማዞን ነጥብ ማረጋገጫ ነጥብ ኮም» ከሆነ ግን አባቱ «ማረጋገጫ» የሚባል የማናውቀው ሰው ሆነ፤ «አማዞን» የልጁ ስም ብቻ ነው። ማንም ሰው ልጁን ቴዎድሮስ ብሎ ሊሰይም ይችላል፤ ስለዚህ ግን ልጁ አልነገሠም።

ስለዚህ አድራሻ ሲነበብ ከመጀመሪያው እዝባር በፊት ያለውን ይዞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አያቱን አልፎ አባቱ ማነው ብሎ መጠየቅ ነው። እንዳገራችን «ኮም ነጥብ ኢቲ» ያለው ጥምር መጨረሻ ሲያጋጥም ሁለቱን እንደ አንድ አያት መቍጠር ይበቃል።

ከዚህ ሌላ የፊደል ተንኰል አለ። በ2000 በአሜሪካ ፔይፓል የተባለው የገንዘብ መክፈያ ድርጅት ደንበኞች ከሌቦች ኢሜይል ደረሳቸው። አድራሻው የድርጅቱን ይመስላል፤ ነገር ግን በመጨረሻው ትንሽ «ኤል» ፊደል ቦታ ትልቁ «አይ» ገብቶበት ነበር። ሁለቱ ፊደሎች በብዙ ዐይነት ጽሕፈት ቀጥ ያለ ዘንግ ስለሚመስሉ ዐይን አይለያቸውም። ይህን ለመረዳት ለኛ ምሳሌ አይቸግረንም። «ዓለም» ብለን ብንጽፍ «አለም» ብለን ብንጽፍ አንባቢው ያው አንድ ቃል አድርጎ ያነበዋል፤ «ሠራ» እና «ሰራ» እያልን የቋንቋ መምህሮቻችንን ስናስቈጣ ኖረናል። ለኮምፒዩተር ግን ሁለቱ ሁለት ቤቶች ናቸው። የኛ ቸልተኛ ዐይን አንድ ነው ባለበት ላይ ሌባው ሁለተኛውን ቤት ይሠራል።

«የቍልፉን ምልክት አይቻለሁ» የሚል መከራከሪያም ዘወትር እንሰማለን። በአድራሻው አጠገብ ይታይ የነበረው የቍልፍ ሥዕል የሚናገረው፣ በኛና በዚያ ገጽ መካከል የሚያልፈውን ነገር ሌላ ሰው መንገድ ላይ እንደማያነበው ብቻ ነው። ከሌባ ጋር በምሥጢር ብንነጋገር ግን ምን ይጠቅመናል? ይህን የሚያስገኘው ምስክር ወረቀት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ ሌባውም ጨዋውም ያወጣዋል። ክሮም የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ በ2023 የቍልፉን ሥዕል አንሥቶ በሌላ ምልክት የተካው ሰዎች ምልክቱን የታማኝነት ምስክር አድርገው እየወሰዱት ስለ ተቸገረ ነው።

ቀድሞ ደግሞ «የሌባ ደብዳቤ በሰዋስው ስሕተቱ ይታወቃል» ይባል ነበር። ዛሬ ይህም አይሠራም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ኢሜይል ቋንቋው የተስተካከለና ትሕትናው የተሟላ ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም እውነተኛው መሥሪያ ቤት ከሚጽፈው ይሻላል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

የማታለሉ ብልሃት አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤ.ኦ.ኤል. በተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ሌቦች የኩባንያው ሠራተኞች መስለው ደንበኞችን «ሒሳብዎን ለማረጋገጥ የይለፍ ቃልዎን ይስጡን» ይሉ ነበር። ሥራቸውንም «ፊሺንግ» አሉት። በእንግሊዝኛ ዓሣ ማጥመድ ማለት ሲሆን የመጀመሪያውን ፊደል በሌላ ተክተው የጻፉት ስም ነው። አማዞንና ኢቤይ በ1995 ሱቃቸውን ከፈቱ፤ ገበያው ደራ፤ ሌባውም ገንዘቡ ወደ ሄደበት መንጠቆውን ይዞ ተከተለ።

መንጠቆው ላይ የሚደረገው ምግብ ይለዋወጣል እንጂ ዐይነቱ ጥቂት ነው። አንዱ ፍርሃት ነው፤ «አካውንትዎ ታግዷል» ይላል። አንዱ ስስት ነው፤ «ሽልማት ደርሶዎታል» ይላል። ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀው ነው፤ እኛ ያላዘዝነውን ውድ ዕቃ «ስላዘዙ እናመሰግናለን፤ ካላዘዙ ለመሰረዝ እዚህ ይጫኑ» ይላል። ሰውየው ገንዘቡን ለማዳን ሲሮጥ ራሱ ይዞ ያስረክባል። በሦስቱም ውስጥ ያለው አንድ ነገር ጥድፊያ ነው። «በ24 ሰዓት ውስጥ»፣ «ዛሬውኑ»፣ «አሁኑኑ» ይላል። ይህ በድንገት የመጣ አነጋገር አይደለም፤ ሌባው የሚፈራው ቆም ብለን የምናስብባትን አንዲት ደቂቃ ስለ ሆነ ነው። ጓደኛችን ያችን ኢሜይል ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ቢያነባት ኖሮ እንደ ሌላው ደብዳቤ ሁሉ አገላብጦ ባያት ነበር። ዓርብ ማታ ግን ቸኰለ፤ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ለቀመ።

በራስ በር መግባት

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከሁሉ በላይ የሆነውን አንድ ነገር ያዝን፤ እሱም ደብዳቤው ባመጣልን በር አለመግባት ነው። ኢሜይሉ እውነትም ይሁን ሐሰት ለመመርመር አንድከም። እንዝጋውና የሱቁን አድራሻ በራሳችን እጅ ጽፈን፣ ወይም በስልካችን ካለው የሱቁ መተግበሪያ እንግባ። አካውንቱ በርግጥ ታግዶ እንደ ሆነ እዚያ ይነግሩናል። ዕቃ ታዞብን እንደ ሆነ በትእዛዞቻችን ዝርዝር ውስጥ ይታያል። አማዞንን የመሰሉ ሱቆች ለደንበኛው የላኩትን መልእክት በአካውንቱ ውስጥ በተለየ ገጽ ያስቀምጡለታል። በኢሜይል የመጣው ነገር እዚያ ከሌለ ነገሩ ያለቀ ነው። አንድ ሰው በመንገድ ይዞን «ባንክ ይፈልግሃል፤ ና ልውሰድህ» ቢለን «ባንኩን አውቀዋለሁ፤ ራሴ እሄዳለሁ» እንላለን እንጂ አንከተለውም።

ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ ቤት የተለየ ቍልፍ ማበጀት ነው። በሜይ 2014 ኢቤይ ሌቦች በሠራተኞቹ መግቢያ ተጠቅመው የደንበኞቹን መዝገብ እንደ ደረሱበት ገልጾ ደንበኞቹ ሁሉ የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ ጠየቀ፤ ጉዳዩ የነካው መዝገብ የ145 ሚሊዮን ሰዎች ነበር። ሱቁ ራሱ በሚዘረፍበት ዓለም አንዱን ቃል ለሱቁም፣ ለኢሜይሉም፣ ለባንኩም የሚጠቀም ሰው የአንዱ መጥፋት የሁሉ መጥፋት ይሆንበታል። ከሁሉ ይልቅ የኢሜይላችን የይለፍ ቃል ሊጠበቅ ይገባዋል። የሌሎች ቤቶች ቍልፍ ሲጠፋ አዲሱ የሚላከው ወደ ኢሜይላችን ነውና፣ ኢሜይላችን የቍልፎች ሁሉ ሳጥን ነው። ይህን ሁሉ ቃል በጭንቅላት መያዝ ስለማይቻል የይለፍ ቃል ማስቀመጫ የሚባሉትን ፕሮግራሞች መጠቀም ደግ ነው። እነዚህ ሌላም ጥቅም አላቸው፤ ዐይናችን የሳተውን ፊደል እነሱ አይስቱትምና በሐሰተኛው ገጽ ላይ ቃሉን በራሳቸው አይሞሉም። ሳይሞሉ ሲቀሩ «ምን ሆነ?» ብሎ ቆም ማለት ነው እንጂ በእጅ ለመጻፍ መቸኮል አይገባም።

ሦስተኛው ሁለተኛ መቀርቀሪያ ነው። በስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ቍጥር የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅም ሌባውን በር ላይ ያቆመዋል። ነገር ግን ቍጥሩን ራሱ በሐሰተኛው ገጽ ላይ ከጻፍነው ወይም በስልክ ለጠየቀን ሰው ከነገርነው መቀርቀሪያውን በገዛ እጃችን አነሣነው ማለት ነው። ከዚህ የሚሻለው «ፓስኪ» የሚባለው አዲሱ መግቢያ ነው፤ አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በ2022 በሰፊው እንደሚያስገቡት አስታውቀው ዛሬ ብዙ ሱቆች ተቀብለውታል። በዚህ አሠራር የምንጽፈው ቃል የለም፤ ስልካችን ወይም ኮምፒዩተራችን ምሥጢሩን በውስጡ ይዞ፣ በጣት አሻራችን ወይም በስልካችን መክፈቻ ስናዘው ብቻ ለእውነተኛው አድራሻ መልስ ይሰጣል። አድራሻው በአንዲት ፊደል ከተለየ አይመልስም። ያልተጻፈ ቃል አይሰረቅም።

አራተኛው ለወዳጅም ቢሆን የይለፍ ቃልን አለማዋስ ነው። እኅት ለወንድሟ መስጠቷ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን አንድ ቍልፍ በሁለት ኪስ ሲሆን የሚጠፋበት ቀዳዳ ሁለት ይሆናል። መጻሕፍቱን መርጦ ዝርዝሩን መላክ ያንኑ ጉዳይ ይፈጽም ነበር።

በሽታውን የደበቀ

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይታለላል። ድካም አለ፤ ሐሳብ አለ፤ ዓርብ ማታም በየሳምንቱ ይመጣል። ስለዚህ የመጨረሻው ምክር ከተታለሉ በኋላ ስላለው ሰዓት ነው። የይለፍ ቃሉን ወዲያው መለወጥ፣ በአካውንቱ የገባውን ሌላ መሣሪያ ሁሉ ማስወጣት፣ አድራሻውንና ትእዛዞቹን መመልከት፣ ለሱቁና ለካርዱ ባንክ ማስታወቅ፣ ያንኑ ቃል የተጠቀምንበት ሌላ ቤት ካለ እሱንም መለወጥ ነው። በአሜሪካ ሕግ ክሬዲት ካርድ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሥራ ላይ ሲውል ባለቤቱ ሊከፍል የሚገደደው ከ50 ዶላር አይበልጥም። በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ የሚቈርጠው ካርድ ግን ጥበቃው በማስታወቂያው ፍጥነት ይወሰናል፤ የዘገየ ሰው ብዙ ሊያጣ ይችላል። ባገራችንም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 (በኛ አቈጣጠር ነው) በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለልንና የሌላውን ማንነት መስረቅን በወንጀልነት ደንግጓል። ሕጉ ግን ሊረዳ የሚችለው የተናገረውን ሰው ነው።

ነገሩ የባሕር ማዶ ብቻ እንዳይመስለን። ቴሌብር በግንቦት 2013 (ይህም በኛው አቈጣጠር ነው) ከተጀመረ ወዲህ የእጅ ስልካችን ራሱ ሱቅና ባንክ ሆኗል። «በስሕተት ገንዘብ ልከንብዎታል»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምሥጢር ቍጥርዎን ይንገሩን» የሚለውን ድምፅ ያልሰማ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። ኢሜይሉ አጭር መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ ሆነ እንጂ መንጠቆው ያው ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ማክሰኞ ሌሊት ለእኅቱ ደውሎ ነገራት። ባንኩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ገንዘቧን መለሰላት። ሱቁ ግን ጉዳዩን እስኪያጣራ አካውንቱን ዘጋ፤ የላፕቶፑም ትእዛዝ ተሰረዘ። ዕቃውን ሊያመጡ የነበሩት እናት ሻንጣቸውን ዘግተው ተሳፈሩ። ታናሽ ወንድማቸው የመጀመሪያውን መንፈቅ የጀመረው ከጓደኞቹ ኮምፒዩተር እየተዋሰ ነው።

እኅቲቱ ስለ ገንዘቡ አልተቈጣችም። «ገንዘቡስ ይመጣል፤ አንተ ግን ቅዳሜ ማታ ዐውቀህ እስከ ማክሰኞ ለምን ደበቅኸኝ? እኔ እኮ ያን ሌሊት ሁሉ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ብትደውል አነሣ ነበር» አለችው። እሱም «እትዬ፣ አፍሬ ነው» ከማለት በቀር መልስ አላገኘም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ቅዳሜ ማታ ቢናገር ኖሮ ስልኮቹ ምናልባት ከመጋዘን ባልወጡ ነበር።

ይህን ታሪክ እንድንጽፈው የፈቀደልን ራሱ ነው። «ስሜን ግን አታንሡ» አለን፤ አላነሣንም። ዛሬ የሚያስደነግጥ ኢሜይል ሲደርሰው ሳይነካው ተነሥቶ ሻይ ይጠጣል፤ ሲመለስ የሱቁን አድራሻ በራሱ እጅ ይጽፋል። ባለጉዳዮች አሁንም «ያ ደረቅ ልጅ» ይሉታል። እኛ ግን ያ ደረቅነቱ ከወረቀቱ ደብዳቤ አልፎ ለኮምፒዩተሩም ደብዳቤ ስለ ተረፈ ደስ ብሎናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት አባቶቻችን ኢሜይል አላዩም፤ ሌባን ግን ዐውቀውታል።